በመጋዘን የከረመ መርዝ፦ አደጋን አስቀድሞ የመከላከልና የመዘጋጀት ትምህርት፣ ከምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ሁኔታ ጋር

ድርቅ በደረሰበት ዘመን የመጋዘን ነገር ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው እህል ነው። ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንትስ በነቀዝና በእርጥበት እንደተበላሸ በየጊዜው ይጠየቃል። ከእህሉ ጋር በአንድ ግቢ፣ አልፎ አልፎም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጠው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ግን ጠያቂ የለውም። አንበጣው ካለፈ፣ ተምቹ ከጠፋ፣ የወባው ርጭት ካበቃ በኋላ የተረፈው በርሜል ወደ መጋዘኑ ጥግ ይገፋል፤ የተረከበው ሠራተኛ ይዛወራል፤ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በበርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ አስረግጦ የሚናገር አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ክፍል ተራ ንብረት ክፍል ሳይሆን አደገኛ ቆሻሻ የሚጠበቅበት ስፍራ መሆኑን ማስረዳትና፣ አደጋ ከመድረሱ በፊት በወረዳ ደረጃ፣ በወረዳ አቅም ሊሠራ የሚችለውን ማመልከት ነው።

የክምችቱ አመጣጥ

የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዲዲቲ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ሲገባ ኖሯል። ከ1978 እስከ 1981 ዓ.ም. በአፍሪካ የተስፋፋውን የበረሃ አንበጣ ለመከላከል ከለጋሾች የመጣው፣ ለመንግሥት እርሻዎች በየዓመቱ ይገዛ የነበረው፣ ለሰፈራ ጣቢያዎች የወባ ርጭት ይላክ የነበረው ሁሉ ሲደመር፣ ሥራ ላይ ሳይውል ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመቶ በሚቆጠሩ ስፍራዎች ተከማቸ። ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴን፣ ሊንዴን፣ ማላታዮንና ፌኒትሮታዮን በዚህ ክምችት ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ነበሩ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በተካሄደው ሥራ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ተቃጥሏል። ሥራው ከዚያም በኋላ በአፍሪካ የክምችት ማስወገጃ ፕሮግራም ሥር ቀጥሏል፤ ኢትዮጵያም ፕሮግራሙ ከጀመረባቸው ሰባት አገሮች አንዷ ነበረች። ባሕር ተሻግሮ መሄዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህ ያለው መርዝ ጨርሶ የሚጠፋው ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። በሜዳ ላይ በጉድጓድ ቢቃጠል መርዙ በጢስ መልክ ወደ ሰውና ወደ ከብት ይመለሳል፤ ቢቀበር ደግሞ ወደ ምንጭ ይወርዳል። የማስወገጃው ወጪ በቶን በሺህ የሚቆጠር ዶላር በመሆኑ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከተገዛበት ዋጋ ይበልጣል።

ከዚህ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው የአደጋ መከላከያ እርምጃ የሚወሰደው በመጋዘኑ በር ላይ ሳይሆን በግዢውና በልገሳው ወቅት ነው። የመድኃኒቱ ዕድሜ በመለያ ጽሑፉ ላይ ካልተመለከተ ከተመረተበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረውን መድኃኒት ለሦስት ዓመት በሚበቃ መጠን በስጦታ መቀበል፣ ለተቀባዩ ወረዳ ዕዳ ማቆየት ነው። ስጦታን መመለስ ከአገሩ ጨዋነት ጋር ባይስማማም፣ በዚህ ጉዳይ መጠኑንና የምርት ቀኑን ጠይቆ የማይፈለገውን አልቀበልም ማለት የኃላፊው ግዴታ ሊሆን ይገባል። መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የበረሃ አንበጣ እንደገና ሲነሣ መድኃኒት በጥድፊያ መሠራጨቱ፣ ይህ ጥያቄ ያለፈ ታሪክ አለመሆኑን ያሳያል።

ሕጉ አልጎደለም። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚወስነውን የባዝል ስምምነት በ1992 ዓ.ም.፣ ለረጅም ዘመን የማይጠፉ መርዞችን የሚመለከተውን የስቶክሆልም ስምምነት በ1995 ዓ.ም. ተቀብላለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። የቀረው አዋጁ መጋዘን ጠባቂው ዘንድ መድረሱ ነው።

ያረጀ መድኃኒት ጉልበቱ አለቀ የሚለው አስተሳሰብ

በየመጋዘኑ ከሚሰማው ሁሉ እጅግ አደገኛው አባባል «ይህስ አርጅቷል፣ ምንም አያደርግም» የሚለው ነው። መድኃኒቱ ሲያረጅ ተባይ የመግደል ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፤ ሰውን የመግደል ኃይሉ ግን አብሮ ይቀንሳል ማለት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. በፓኪስታን በወባ ርጭት ላይ የተሠማሩ 2,800 ያህል ሠራተኞች ማላታዮን ሲረጩ ተመርዘው አምስቱ ሞተዋል። ማላታዮን ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ ለሰው የዋህ ነው ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ በምርመራ እንደተደረሰበት በአሠራሩና በሙቀት በመከማቸቱ ምክንያት በውስጡ አይሶማላታዮን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ይህም ንጥረ ነገር ሰውነት መርዙን የሚያከሽፍበትን ኃይል ያግዳል። ዲልድሪንና ዲዲቲ ደግሞ እርጅና የሚባል ነገር የላቸውም ማለት ይቀላል፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ፣ በስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ከላሚቱም ወደ ወተቷ ያልፋሉ።

የአካባቢው ሁኔታ

ምዕራብ ጎጃም በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው አገር ነው። የፍኖተ ሰላም፣ የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ምድር በቆሎ አብቃይ ነው፤ በቆሎ ባለበት ነቀዝ አለ፣ ነቀዝም ባለበት የነቀዝ መድኃኒት አለ። የብርና የአየሁ ሰፋፊ እርሻዎች በመንግሥት ይዞታ ሥር በነበሩበት ዘመን መድኃኒት በብዛት ይጠቀሙ ነበር። በሜጫ ወረዳ በመራዊ አጠገብ የተገደበው የቆጋ ወንዝ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ ከተሠራ ወዲህ ሽንኩርቱና ድንቹ በበጋም ስለሚመረት ርጭቱ ዓመቱን ሙሉ ሆኗል።

ከዚህ ጋር ክረምቱ ከባድ ነው። ላህ ወደ ብር፣ ብርና ፈጠም ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ፤ ቆጋ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። ከአንድ መጋዘን ደጃፍ የወጣ ጎርፍ ስንት ቀበሌ ውኃ ከሚቀዳበት ወንዝ እንደሚደርስ ለመገመት ካርታ መግለጥ አያስፈልግም፤ የአገሩ እረኛ ይነግራል። የመስኖ ቦይ ደግሞ ከወንዝ የባሰ ነው፤ በቦይ የገባ መርዝ ተከፋፍሎ ወደ እያንዳንዱ ማሳ ይደርሳልና።

እንግዲህ የመከላከሉ ሥራ የሚጀምረው ከሰኔ በፊት ነው። በግንቦት ወር ጣሪያው ይታያል፤ የተነቀለ ቆርቆሮ ይመታል፤ አሸንዳው ይጠረጋል፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መጋዘኑን ዞሮ እንዲያልፍ ፈለግ ይቆፈርለታል። የወለሉ መግቢያ ደፍ አንድ ስንዝር ያህል በሲሚንቶ ከፍ ቢደረግ ሁለት ጥቅም አለው፦ የውጭው ውኃ አይገባም፣ የውስጡም መርዝ አይወጣም። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ አያልፍም።

በርሜል በባዶ መሬት ላይ አይቀመጥም። ከታች በኩል ዝጎ ሲበሳ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። የእንጨት ርብራብ ተደርጎለት፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ፣ በየረድፉ መካከል ሰው ሊያልፍ የሚችልበት መተላለፊያ ይተውለታል። ፈሳሹ ከዱቄቱ በላይ አይደረደርም፤ ቢያፈስስ ሁለቱም ይበላሻሉና። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የመድኃኒቱን ስምና መጠን እንጂ የተመረተበትን ቀን ስለማያሳዩ፣ ቀኑ በቢን ካርዱ ላይ በተጨማሪ ሊጻፍ ይገባል። ከመዝገቡም አንድ ግልባጭ ከመጋዘኑ ውጭ በጽሕፈት ቤቱ መቀመጥ አለበት። መጋዘኑ በተቃጠለ ጊዜ ምን እንደተቃጠለ የሚናገረው መዝገብ አብሮ ከተቃጠለ መመዝገቡ ለምን ጠቀመ?

ለማፍሰስ አደጋ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም፦ በሁለት በርሜል የተሞላ ደረቅ አሸዋ፣ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ክዳን ያለው አንድ ባዶ በርሜል፣ የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሳሙናና ውኃ። ይህ ሁሉ ከበሩ ውጭ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጣል። ፈሳሽ ሲፈስስ በአሸዋ ይከበባል፣ ይመጠጣል፣ ታፍሶ በባዶው በርሜል ይከተታል፣ ምን እንደሆነም ይጻፍበታል። ወለሉን በውኃ ማጠብ ጽዳት ይመስላል፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ የነበረውን አደጋ ለወንዙ ማስረከብ ነው።

በዕርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ስላለው ጋዝ

ለነቀዝ ማጥፊያ የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ አደጋ የሚገኘው በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሳይሆን በዕርዳታ ሠራተኛው በራሱ እጅ ነውና። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ሦስት ነገሮች በተደጋጋሚ ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በጣሪያ ክፍተት ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል፤ ስለዚህ እህል በሸራ ተሸፍኖ በሚታጠንበት ሰሞን ዘበኛው በዚያ ቤት ውስጥም ሆነ ከግድግዳው ጋር በተያያዘ ማደሪያ ሊተኛ አይገባም። ብርድ በሆነበት ሌሊት ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ የሚያድር ዘበኛ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እንዲያ እንዳያደርግ መከልከል ብቻ በቂ አይደለም፣ ሌላ ማደሪያ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የጣሪያ ፍሳሽ ያረፈበት የክኒን ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋዝ ሊያወጣ፣ በእሳትም ሊያያዝ ይችላል፤ በዚህ ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ማባባስ ነው። መታፈን ያለበት በደረቅ አሸዋ ነው። ሦስተኛው፣ ሽታውን መጠበቅ አያዋጣም። ጋዙ የነጭ ሽንኩርት ወይም የከረፋ ዓሣ ሽታ ሊኖረው ቢችልም፣ አደገኛ በሆነ መጠን እያለ የማይሸትበት ጊዜ አለ። እህሉ ከመከፋፈሉ በፊት መጋዘኑ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው በሚገባ መናፈስ፣ የክኒኑም ዐመድ ተለቅሞ መወገድ አለበት።

እሳትና ውኃ

ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986) በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። በውስጡ ከ1,300 ቶን በላይ ኬሚካል፣ በአብዛኛው የተባይ ማጥፊያ፣ ነበረበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ፈጥነው ደረሱ፤ የሚችሉትንም ያህል ውኃ ረጩ። ያ ውኃ ከመርዙ ጋር ተቀላቅሎ ራይን ወንዝ ገባ፤ ወንዙ ቀላ፤ ቁጥር ስፍር የሌለው ዓሣ አለቀ፤ ከዚያ በታች ያሉ አገሮች ከወንዙ የመጠጥ ውኃ መሳብ አቆሙ። እሳቱ በጥቂት ሰዓታት ጠፍቷል፤ ጉዳቱን ያባባሰው ግን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ነበር።

ይህ ታሪክ ለፍኖተ ሰላምም ለመራዊም የሚነግረው አለ። የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ድረስ መንገደኛውና ጎረቤቱ በባልዲ ውኃ እያመላለሰ ለመርዳት ይሯሯጣል፤ የመረዳዳት ባህላችን ነውና አይወቀስም። ነገር ግን በእሳት የተያያዘ የመድኃኒት መጋዘን እንደ ጎጆ ቤት ቃጠሎ አይደለም። እሳቱ ገና ጥቂት ሳለ በአሸዋና በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይታፈናል። ከዚያ ካለፈና መጋዘኑ ከቤቶች የራቀ ከሆነ፣ ሰውን ከአካባቢው አርቆ፣ አጎራባች ቤቶችን እየጠበቁ እንዲነድ መተው ከሁለቱ ጥፋቶች የሚቀለው ሊሆን ይችላል። ውኃ የግድ ከተረጨም የሚወርደው ፍሳሽ አስቀድሞ በአፈር ግድብ መታገድ ይኖርበታል። ይህን ለመወሰን የሚችል ሰው ማን እንደሆነ በሌሊት፣ በጩኸት መካከል መፈለግ አይቻልም፤ ስሙና ተተኪው በወረዳው ዕቅድ ላይ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።

ሰዎች ከጢሱ የሚሸሹት ነፋሱን በጎን አቋርጠው፣ ከዚያም ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ገበሬው በአውድማ ላይ እህሉን ለነፋስ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ አፈር በትኖ ለማወቅ ማንም አያስተምረውም። ሊነገረው የሚያስፈልገው በዚያ መጋዘን ያለው ነገር ጢሱ ገዳይ መሆኑ ነው።

የማስጠንቀቂያው ነገር

በኅዳር 1977 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቦፓል የተባይ ማጥፊያ ከሚያመርት ፋብሪካ ሌሊት ያመለጠ ጋዝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ጋዙን ለማክሸፍ የተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተፈትቶ፣ ሌላው ወጪ ለመቆጠብ ተዘግቶ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሕዝቡ ምን እንደደረሰበትና ወዴት እንደሚሸሽ፣ የከተማው ሐኪሞችም የሚያክሙት መመረዝ ከምን እንደመጣ አለማወቃቸው ነው። ከዚህና ከመሳሰሉት አደጋዎች በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1988 አፔል የተሰኘውን መርሐ ግብር አወጣ። የመርሐ ግብሩ ፍሬ ነገር፣ አደገኛ ነገር የሚያስቀምጥ ተቋም የጎረቤቱን ሕዝብ አስቀድሞ እንዲያስታውቅና የአደጋ ዕቅዱን ከሕዝቡና ከአካባቢው አስተዳደር ጋር እንዲያወጣ ነው።

በአገራችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በክምሩ ሥርና ዙሪያ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች መኖራቸው ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ክምሩ የተባይ መድኃኒት መጋዘን አይደለም፤ የጉዳዩ መልክ ግን አንድ ነው። የታወቀ አደጋ አጠገብ ሕዝብ ይኖራል፤ አደጋው ስለቆየ ብቻ ይለመዳል።

በገጠር ቀበሌ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለመግዛት መጨነቅ አያስፈልግም። ዕድሩ ጥሩምባ አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለው። የሚያስፈልገው ከለቅሶና ከጸሎት ጥሪ የሚለይ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ምልክት መወሰንና በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ከክረምት በፊት፣ መሞከር ነው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የፖሊሱ አዛዥና የዕድሩ ዳኛ ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር ተቀምጠው በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መድኃኒት ቢያነብቡ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ለጤና ጣቢያው ዝርዝሩ ከሌላው ሁሉ በላይ ይጠቅማል። ማላታዮንና ፌኒትሮታዮን የሚገኙበት ወገን ሰውን ሲመርዝ ላብና ምራቅ ያበዛል፣ የዓይን ብሌን ያጠብባል፣ ጡንቻ ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ መድኃኒቱ አትሮፒን ነው። ዲልድሪን፣ ሊንዴንና ዲዲቲ የሚገኙበት ወገን ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል፤ ለእርሱ አትሮፒን አይሆንም። ስለሆነም የበርሜሉ መለያ ጽሑፍ ወይም ግልባጩ ከበሽተኛው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። እስከዚያው ድረስ ልብሱ ይወለቃል፣ ገላው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፣ መርዝ የነካው ዓይን ለሩብ ሰዓት ያህል ውኃ ይፈስስበታል። ረዳቱም ጓንት ሊያደርግ ይገባል። ወተት ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም በስብ የሚሟሟ መርዝ በወተት ይበልጥ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

መጠለያና ባዶ በርሜል

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር ብዙ ሕዝብ ወደ ፓዌ በሰፈረ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች በቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያ በተሰበሰቡ ጊዜ እንደታየው፣ ሕዝብ በድንገት ሲመጣ አስተዳደሩ ጣሪያ ያለውን ቤት ሁሉ ይፈልጋል። በዚህ ሰዓት ባዶ የሚመስል የመድኃኒት መጋዘን ጥሩ መጠለያ ሆኖ ይታያል፤ ወይም እህል ይራገፍበታል። ወለሉና ግድግዳው የጠጣው መርዝ ግን በመጥረጊያ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ የሚድኽ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒት ተቀምጦባቸው የነበሩ ቤቶች ዝርዝር በወረዳው የመጠለያ ዕቅድ ላይ፣ «ለመኖሪያም ለእህልም የማይሆኑ» በሚል ርእስ አስቀድሞ መስፈር አለበት፤ በራቸውም ላይ በቀይ ቀለም የራስ ቅል ሥዕል ይደረግ፤ ማንበብ ለማይችለውም ይናገራልና።

ሰፋሪውና ተፈናቃዩ ከሁሉ በላይ የሚቸገርበት ዕቃ የውኃ መቅጃ ነው። ጸጥታ በደፈረሰበት ጊዜ መጋዘን ሲሰበር መጀመሪያ የሚወሰደው በርሜሉና ጀሪካኑ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዳንዱም መድኃኒቱን ሜዳ ላይ አፍስሶ ዕቃውን ይወስዳል። ጠላ ቢጠመቅበት፣ ዘይት ቢቀመጥበት፣ አሥር ጊዜ በዐመድ ቢታሸት የመድኃኒት ጀሪካን የምግብ ዕቃ አይሆንም። መጋዘን ጠባቂው ባዶውን በርሜል ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ እጣቢውንም በመርጫው ውኃ ውስጥ ጨምሮ፣ ከታችና ከጎን በመብሻ ወግቶ፣ በቁጥር መዝግቦ እስኪሰበሰብ ድረስ ይቆልፍበታል። ይህ ትእዛዝ በተግባር እንዲውል ከተፈለገ ግን የዕርዳታ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ንጹሕ ጀሪካን ከእህሉ ጋር በመጀመሪያው ቀን ማደል ይኖርባቸዋል፤ የሚቀዳበት ያጣች እናት የተወጋውንም በርሜል በጨርቅ ወትፋ ወደ ምንጭ ትወርዳለች።